ክሬቲኒን የማይናገረው

አጎት የ77 ዓመት ሰው ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ስኳርና ደም ግፊት ከያዛቸው ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ለኩላሊታቸው ዛሬ የቀረው አቅም ጥቂት ነው። ሐኪሟ የእህታቸው ልጅ ነች፤ አዲስ አበባ ውስጥ በኩላሊት ሕክምና ክፍል ትሠራለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ካበቃ በኋላ፣ አጎት ቤት እንዲህ ተነጋገሩ።

አጎት፦ አረፍ በይና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ባለፈው ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ ለእኔ «አይዞዎት፣ ደህና ነዎት» አለኝና ልጄን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ብዙ አናገራት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ በየማታው ይደውላል። «እጥበት ይጀመር፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» ይላል። እሷ ደግሞ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። የሚታጠበው ደም የእኔ፣ ምክሩ የእነሱ። ይሄ አግባብ ነው?

ሐኪሟ፦ አይደለም፣ ጋሼ። ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም የሚል ልማድ አለን፤ የመጣውም ከፍቅር ነው። በእርስዎ ሕመም ላይ ግን ይጎዳል። አሁን የሚወሰነው ነገር አንድ ክኒን መዋጥና አለመዋጥ አይደለም፤ ከሳምንቱ ስንቱን ቀን የት፣ በምን ሁኔታ እንደሚውሉ ነው። ያንን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚጠይቁኝን ሁሉ ሳልደብቅ እመልሳለሁ።

አጎት፦ እንግዲያው ከወረቀቱ እንጀምር። ክሬቲኒን የሚሉት ቁጥር በመጨረሻዎቹ ምርመራዎች ብዙም አልጨመረም። ልጆቹ በዚህ ተጽናንተዋል። እኔ ግን ዕድሜዬን በመለኪያ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቁጥሩ ባለበት ቆሞ እኔ ወደ ታች እየሄድኩ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ዳገቱ ላይ ደጋግሜ አርፋለሁ። ቀበቶዬም ቀዳዳ ጨርሷል።

ሐኪሟ፦ ቀበቶዎ ከወረቀቱ የተሻለ ይናገራል። ክሬቲኒን ጡንቻ በየቀኑ የሚያመነጨው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ያስወግደዋል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ከስቶ ጡንቻው ካለቀ ግን ከመነሻው የሚመነጨው ያንሳል። ስለዚህ ኩላሊቱ እየባሰበት ሳለ ቁጥሩ ባለበት ሊቆም ይችላል። በሽማግሌና በባልቴት ላይ ብዙ ጊዜ የሚያታልለን ይህ ነው። በዚህ ምክንያት በሚገኝበት ቦታ ሲስታቲን ሲ የሚባል፣ የጡንቻ መብዛትና ማነስ እምብዛም የማይነካው ምርመራ እናዛለን። ቅድም ቡና ስንጠጣ «ስኳሬ ተስተካከለልኝ» ያሉኝም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አጎት፦ እንዴት? ኢንሱሊኑን እኮ ቀነሱልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐኪሟ፦ ኢንሱሊንን ከሰውነት ከሚያስወግዱት አንዱ ኩላሊት ነው። እሱ ሲደክም መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣም፤ የድሮው መጠን ይበዛና ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። ሌሊት ላብ በላብ ሆኖ ተነሥቶ፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ራሱን አዙሮት የሚወድቀው ሽማግሌ ብዙ ነው። መጠኑን መቀነሳቸው ትክክል ነበር። ስኳሩ የወረደው ግን ስለዳኑ ሳይሆን ኩላሊቱ ስለደከመ ሊሆን ይችላል።

አጎት፦ ታዲያ ወረቀቱ ካልነገረን ምን እንለካ?

ሐኪሟ፦ አቅምዎን። በ2001 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ፍሪድ የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር የእርጅና አቅም ማጣት የሚታወቅባቸውን አምስት ምልክቶች አስቀምጣለች፦ ሳያስቡት መክሳት፣ ዘወትር መዛል፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው አቅሙ ተሟጧል ይባላል፤ አንድ ወይም ሁለት የተገኘበት ደግሞ ወደዚያው እየሄደ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጤነኛ በሦስት ቀን በሚያልፈው ጉንፋን አልጋ ላይ ሊቀር ይችላል። እስቲ ያቺን የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላምጣት። እንዳትንሸራተት ግድግዳ አስደግፌያታለሁ። ይቀመጡ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። ሳይደገፉ አምስት ጊዜ ብድግ፣ ቁጭ ይበሉ። ሰዓቱን በስልኬ እይዛለሁ።

(አጎት ሁለት ጊዜ ደህና ተነሡ። በሦስተኛው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የተነሡት። በአራተኛው አንድ እጃቸው ሳይታወቃቸው ከደረታቸው ወርዶ ጉልበታቸውን ደገፈ። አምስተኛውን ሲጨርሱ ወንበሯ ላይ ዘፍ አሉ።)

ሐኪሟ፦ 19 ሰከንድ። ከ15 ሰከንድ ከበለጠ የእግር ጡንቻ መዳከሙን ያሳያል። ያውም እጅዎ ረድቶዎት ነው።

አጎት፦ በቃ ይኸው ነው? ደም ሳይቀዳ፣ ማሽን ሳይመጣ?

ሐኪሟ፦ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ አራት ሜትር በተለመደ እርምጃ መሄድ ነው፤ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ እርምጃው ዘገምተኛ ነው። ወንበርና ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ምርመራ ነው፤ ሆኖም ታማሚው ወደፊት እንዴት እንደሚሆን ብዙ ይናገራል። አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ 146 እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን የተከታተለ፣ በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ከመቶ 42ቱ አቅማቸው የተሟጠጠ ነበር፤ ወጣቶችም ጭምር። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ከመቶ 40 ያህሉ ሞቱ፤ አቅም ከነበራቸው ግን ከመቶ 16ቱ።

አጎት፦ ኩላሊት የሽንት ነገር ነው ስንል የኖርነው። ከእግሬ ጋር ምን አገናኘው?

ሐኪሟ፦ በብዙ በኩል ይገናኛል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ አሲዱ ጡንቻ ያፈርሳል። መቅኔ ቀይ ደም እንዲያመርት የሚያዘው ኤሪትሮፖይቲን የሚባል ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከኩላሊት ነው፤ እሱ ሲቀንስ ደም ማነስ ይመጣል፤ ዳገት ላይ የሚያስቆምዎት አንዱ ይህ ነው። ቫይታሚን ዲን ለአጥንትና ለጡንቻ እንዲሠራ አድርጎ የሚያዘጋጀውም ኩላሊት ነው። በዚያ ላይ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሌሊት ሰውነት እያሳከከ እንቅልፍ ይነሣል። እንቅልፍ ያጣ ቀን አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ጡንቻ ያልቃል።

አጎት፦ ይህን ሁሉ ማሽኑ ያስተካክለዋል ማለት ነው?

ሐኪሟ፦ ከዚህ ብዙው ያለ ማሽን የሚረዳ ነው፤ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። ለአሲዱ ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚባል ርካሽ ክኒን አለ። ለደም ማነሱ መጀመሪያ አይረን፣ ካስፈለገም ከቆዳ ሥር የሚወጋ የኤሪትሮፖይቲን መርፌ አለ። ለማሳከኩ በትንሽ መጠን የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ከዚያ የመድኃኒት ከረጢትዎን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠን አንድ በአንድ እናያለን። የግፊት መድኃኒቱ በዝቶ ሲነሡ የሚያዞርዎት ከሆነ ይቀነሳል። ለወገብዎ እየሄዱ የሚወጉት ዲክሎፌናክ ግን ዛሬውኑ ይቁም፤ የቀረውን ኩላሊት የሚጨርስ እሱ ነው።

አጎት፦ ምግቡስ? «ሥጋ ተው፣ ሽሮ ተው፣ ሙዝ ተው፣ ቲማቲም ተው» ተብዬ እንጀራዬን በምን እንደምበላ ጠፍቶኛል።

ሐኪሟ፦ ጨው ይቀንሱ፤ እሱ ላይ አልደራደርም። ሙዝና ብርቱካን የሚከለከለው የደምዎ ፖታሺየም ከፍ ካለ ነው፤ ውጤቱ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ድንችና ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ፖታሺየሙ ይቀንሳል። ፕሮቲን ላይ ግን ጥብቅ ክልከላ ለእንደ እርስዎ ላለው ሰው አይሆንም። ኪዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ፣ አቅማቸው ለተሟጠጠና ጡንቻቸው ላለቀ አረጋውያን የፕሮቲኑና የምግቡ መጠን ከፍ እንዲል እንዲታሰብ መክሯል። እንቁላል ይብሉ። በጾም ወቅት ምን ይሁን የሚለውን ንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡም።

አጎት፦ መራመዱስ? «ዕረፍት ያድርጉ» ነው የሚሉኝ ሁሉም።

ሐኪሟ፦ ዕረፍት የሚባለው ምክር ብዙ አረጋውያንን አልጋ ላይ አስቀርቷል። ጣሊያን ውስጥ እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ቤታቸው ሆነው ቀላል የእግር ጉዞ እንዲያደርጉ ተደረገ። በ2017 በወጣው ውጤት፣ ከስድስት ወር በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚሄዱት ርቀት ከ328 ሜትር ወደ 367 ሜትር አደገ። ከፍ ያለ ነገር አይምሰልዎት፤ ግን በራስ እግር መጸዳጃ ቤት መድረስና አለመድረስ የሚለየው በእንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት ነው። እርስዎም በግቢው ግንብ ሥር ጠዋትና ማታ ይጀምሩ። የወንበሯን ብድግ ቁጭም በየቀኑ ይሥሯት።

አጎት፦ መልካም። አሁን ወደ ዋናው ነገር ግቢ። እጥበት ሲባል ቀኑ እንዴት ነው የሚያልፈው? ሰው የሚነግረኝ «ታጥቦ ይመጣል» ብቻ ነው።

ሐኪሟ፦ ጠዋት ከቤት ይወጣሉ። እንደደረሱ ይመዘናሉ፤ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተጠራቀመው ፈሳሽ በኪሎ ተሰልቶ በዚያው ዕለት እንዲወጣ ማሽኑ ይታዘዛል። ክንድዎ ላይ ፊስቱላ የሚባለው፣ በቀዶ ጥገና የተጋጠመ የደም ሥር ተሠርቶልዎት ከሆነ ሁለት ወፍራም መርፌ ይገባል፤ ካልሆነ አንገትዎ አጠገብ ካቴተር የሚባል ቱቦ ይተከላል። አራት ሰዓት ያህል ይተኛሉ። ወደ መጨረሻው ግድም የብዙ አረጋውያን ግፊት ይወርዳል፣ የእግራቸው ጡንቻ ይኮማተራል። ሲያልቅ በሰው ትከሻ ተደግፈው ይነሣሉ። ታማሚዎቼን ሁልጊዜ «ከታጠቡ በኋላ ወደ ራስዎ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል?» እላቸዋለሁ። አንዳንዱ «ቤት ደርሼ ትንሽ ስተኛ ይለቀኛል» ይለኛል፤ ሌላው «በማግሥቱ ነው» ይለኛል። ሕክምናው በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው የሚገባው። እኛ አገር ገንዘቡ አልደርስ ብሎት ሁለት ጊዜ የሚታጠብ ሰው ብዙ ነው።

አጎት፦ ያድናል ግን፣ አይደለም?

ሐኪሟ፦ ያድናል። እየታጠበ ሥራውን የሚሠራ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው በየቀኑ አያለሁ። ዕድሜም ብቻውን አይከለክልም። ቪለም ኮልፍ የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም በሠራው ማሽን በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ የዳነችው ሴት የ67 ዓመት ባልቴት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖራለች። የእሷ ኩላሊት ግን በድንገት የቆመና ተመልሶ የሠራ ነበር። የእርስዎ ቀስ በቀስ ያለቀ ነው፤ አይመለስም። ስለዚህ የምንጠይቀው «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብለን አይደለም፤ «ምን ያህል አቅም አለዎት?» ብለን ነው።

አጎት፦ አቅም የሌለው ሲታጠብ ምን ይሆናል?

ሐኪሟ፦ አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ የነበሩ 3,702 እጥበት የጀመሩ ሰዎች ተጠንተው፣ ውጤቱ በ2009 ወጥቷል። ከአንድ ዓመት በኋላ ከመቶ 58ቱ ሞተዋል። ከመጀመራቸው በፊት ያደርጉት የነበረውን ነገር፣ መልበሱን፣ መታጠቡን፣ መራመዱን ሳይቀንስባቸው ያቆዩት ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ። እነዚያ ከእርስዎ ይልቅ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ማሽኑ ደምን እንጂ አቅምን እንደማይመልስ ያሳያል። በ2024 ደግሞ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ንቅለ ተከላ የማይጠብቁ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች መረጃ ተተንትኗል። ኩላሊታቸው እጅግ እንደደከመ ወዲያው እጥበት የጀመሩት፣ ጨርሶ ካልጀመሩት ይልቅ በሦስት ዓመት ውስጥ በአማካይ ወደ 77 ቀን በልጠው ኖሩ፤ ቤታቸው ያሳለፉት ጊዜ ግን በ15 ቀን ያህል አነሰ።

አጎት፦ ዕድሜ ጨመረ፣ የቤት ቀን ቀነሰ።

ሐኪሟ፦ በአማካይ እንደዚያ ነው። ለአንዱ 77 ቀን የልጁን ሠርግ የሚያይበት ነው፤ የትኛውም ዋጋ ይከፈልበታል። ለሌላው ከቤቱ ርቆ የሚያልፍ 15 ቀን ከሁሉ ይከብደዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥናቱ ሊመርጥልዎ አይችልም።

አጎት፦ ልጄ ግን «ቶሎ ካልተጀመረ ይረፍዳል» ይላል።

ሐኪሟ፦ ይህም ተሞክሯል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ 828 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሹ ቀደም ብሎ፣ ግማሹ ምልክት ሲጠና እንዲጀምር ተደረገ። ውጤቱ በ2010 ወጣ፦ ቀድመው የጀመሩት ቆይተው ከጀመሩት በልጠው አልኖሩም። ትንፋሽ እስኪያጥርዎ፣ ማስታወክ እስኪያስቸግርዎ፣ ፖታሺየሙ በመድኃኒት አልወርድ እስኪል ድረስ ለማሰብ ጊዜ አለን። ብቻ በቅርብ ክትትል ይሁን።

አጎት፦ እኔም የምፈራውን ልንገርሽ። ባልታጠብ እንዴት ነው የምሞተው? ታፍኜ ነው?

ሐኪሟ፦ ይህን በቀጥታ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። አለመታጠብ ማለት አለመታከም አይደለም። ፈሳሹ በሽንት መድኃኒት ይቀነሳል፤ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ለደከመ ኩላሊት በተስተካከለ መጠን የሚሰጥ ማስታገሻ አለ፤ ለማቅለሽለሹም፣ ለማሳከኩም እንደዚሁ። ብዙ ሰው ወደ መጨረሻው እንቅልፍ እያበዛ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ ቤት ድረስ እየሄዱ የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጡ አሉ። ምንም ሥቃይ አይኖርም ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ብቻዎን አንተውዎትም ብዬ ግን ቃል እገባለሁ።

አጎት፦ ነፍስን በገዛ እጅ ማጥፋት አይሆንብኝም?

ሐኪሟ፦ የሃይማኖቱን ጥያቄ ለንስሐ አባትዎ ያቅርቡ፤ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። በሕክምና በኩል ግን የምናገረው ግልጽ ነው፦ ሰውየውን የሚገድለው ሕመሙ ነው። ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያደክመውን ሕክምና «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ራሱን አልገደለም። ጀምሮ ማቆምም ይቻላል። አሁን ግን እኔ ልጠይቅዎት። ከቀንዎ ውስጥ ይህ ከቀረብኝ መኖሬ ምን ይረባኛል የሚሉት ምኑን ነው?

አጎት፦ ኪዳን ማድረስ። የዕድር ሰው ሲሞት ቀብር መውጣት፤ እኔን ያስተዛዘነኝን ሰው ቀብሩን ሳላይ መቅረት አልችልም። የልጅ ልጄን ሒሳብ ማስጠናት፤ እሱ ሲገባው ፊቱ ሲበራ ማየት። በራሴ እግር መጸዳጃ ቤት መሄድ። የምፈራው ደግሞ ልጄ ሥራዋን ትታ እኔን ስትሸከም መዋሏን ነው።

ሐኪሟ፦ እንግዲህ ሐኪምዎ ከክሬቲኒኑ አስቀድሞ መዝገብዎ ላይ መጻፍ ያለበት ይህን ነው። ማንኛውም ሕክምና ሲመጣ በዚህ ይመዘን፦ ወደ ኪዳን ያደርሰኛል ወይስ ያስቀረኛል? ልጄን ያሳርፋታል ወይስ ይጨምርባታል? ስለ እሷ የፈሩት ከንቱ ሥጋት አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ከ80 ዓመት በኋላ እጥበት ከጀመሩት ሰዎች ከመቶ 30 የሚበልጡት በስድስት ወር ውስጥ የሰው ድጋፍ የሚሹ ሆነዋል ወይም ወደ መጦሪያ ገብተዋል። ንቅለ ተከላም በ2015 እ.ኤ.አ. በጳውሎስ ሆስፒታል ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ጠቅሟል፤ ነገር ግን ከሕያው ዘመድ የሚሰጥ ኩላሊትና ቀዶ ጥገናውን የሚችል ልብ ይፈልጋል። የእርስዎ ልብ አይችለውም።

አጎት፦ ከልጆቼስ ኩላሊት ተቀብዬ አልኖርም። ከእጥበትና ከመተው ሌላ መሐል መንገድ የለም?

ሐኪሟ፦ አለ። ለሙከራ መጀመር ይቻላል። ሦስት ወር ተብሎ ቀን ይቆረጣል፤ ከመጀመሩ በፊት «በዚያን ጊዜ ይህን ማድረግ ከቻልኩ እቀጥላለሁ፣ ካልቻልኩ አቆማለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ይህን መንገድ ካሰቡት ፊስቱላው ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ፊስቱላ ያሠራ ሰው የግድ ይታጠባል ማለት አይደለም።

አጎት፦ እንግዲያው የእኔን ልንገርሽ። አሁን አልጀምርም። ክኒኑን፣ መርፌውን፣ እንቁላሉን፣ ወንበሯን እይዛለሁ። ዲክሎፌናኩን ትቻለሁ። ሦስት ወር ቆይተሽ እግሬን ደግመሽ ለኪኝ። ትንፋሽ ካጠረኝና መድኃኒቱ ካልያዘው ለሙከራ ልታጠብ፤ ከዚያም ኪዳን መድረስ ካቃተኝና ቀኑን ሁሉ አልጋ ላይ ከዋልኩ ይቁም። ግን ያ ልጅ ገንዘቤን አልቀበል አለኝ ብሎ ያዝናል። በሩቅ አገር ሆኖ ከገንዘብ ሌላ በምን ይርዳኝ?

ሐኪሟ፦ በገንዘቡ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። የመርፌው ዋጋ ቀላል አይደለም። መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይግጠም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሳምንት አንዴ ይምጣ። እህቱን የምታግዝ ሰው ትቀጠርላት፣ ሥራዋን እንዳትተው። ይህ ከማሽኑ ያላነሰ ሕክምና ነው። እሱም አባቱን እንዳልተወ ያውቃል።

አጎት፦ እህቱም ጓዳ ገብታ ማውራቷን ትተው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ልጄን ኮሪደር ላይ ከጠራት እኔም ተከትዬ እወጣለሁ። ልጁም በስልክ ይግባ። የሚባለው ሁሉ እኔ ባለሁበት ይባል።

ሐኪሟ፦ ባሉበት መባሉ ብቻ አይበቃም፣ ጋሼ። መጀመሪያ የሚናገሩት እርስዎ ይሁኑ። ስለ ኪዳኑ፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጅ ልጅዎ ሒሳብ፣ ስለ ልጅዎ ሥራ ለእኔ የነገሩኝን ለሐኪሙም ይንገሩት። ይህን ሳይሰማ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም የሚያክመው ኩላሊትዎን ብቻ ነው። ልጆችዎም ከእርስዎ አፍ ከሰሙ በኋላ የሚያደርጉት ሁሉ፣ እጥበትም ሆነ አለመታጠብ፣ የእርስዎ ፈቃድ ይሆናል። ሸክሙም ለእነሱ ይቀልላቸዋል።